«አላውቅም» በላቸው

ኩርቲስ ማሎይ ረጅም የላስቲክ ጓንት ያጠለቀ ቀኝ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ ላሟ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳብሳል። የፍቅር ጉዳይ ለመነጋገር የሚመረጥ ሰዓት አልነበረም። ሪካ ቬንስትራ ግን ምን ታድርግ? ነገ ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እነሱ ቤት ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ ይህን ግትር የከብት ሐኪም አንዲት ቃል ማስለመድ አለባት።

«ባዶ ናት» አለ ኩርቲስ ክንዱን እያወጣ።

የሪካ አባት አቶ ሃርም የላሟ ታፋ ላይ በቀይ ጠመኔ አሰመሩባት። ያረገዘችው ትቀራለች፣ ባዶዋ ቄራ ትሄዳለች። አቶ ሃርም በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚወዱት ሕግ አልነበረም።

«እርግጠኛ ነህ ዶክተር?»

«እጄን ከትቼ እኮ ነው የምናገረው።»

«እንዲህ ነው ሰው!» አሉና የቀሩትን ላሞች ሊነዱ ወደ ሜዳው ወጡ።

ሪካ የአባቷ ኮቴ እስኪርቅ ጠብቃ ተጠጋችው። የኒው ሆርን ከተማ ኩርቲስን ከኦማሃ ከመጣ ጀምሮ ብዙ ነገር ይቅር ብላዋለች። ጺሙን ይቅር ብላለች፣ ቢራውን ይቅር ብላለች፣ እሑድ መሥራቱንም «የታመመች ላም ሰንበት አታውቅም» ብላ አልፋዋለች። ያላለፈችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአቶ ኦርቪል ዴግሩት የከብት መኖ ሱቅ ውስጥ «የት ነው የምትጸልየው?» ተብሎ ሲጠየቅ «እግዚአብሔር የለም፤ ታዲያ የማን ቤት ልሂድ?» ብሎ መለሰ። የገዛውን ጆንያ መኪናው ላይ ሳይጭን ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። አቶ ኦርቪል ደግሞ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንድ ነገር ወሰኑ። ሰውዬው «አላውቅም» ካለ ጠያቂ ይባላል። በበረዶው ወራት ይማራል፣ በጸደይ ሪካን በቤተ ክርስቲያን ያገባል። «የለም» ካለ ግን ነገሩ አበቃ። የሪካ እናት ወይዘሮ ግሬታም ልጃቸው ዳኛ ፊት ብታገባ ሠርጓን በዓይናቸው እንደማያዩ ምለዋል። እኚህ ሴት ሲምሉ ደግሞ ይምላሉ።

«አንድ ቃል ናት ኩርት» አለችው። «'የለም' አትበል፣ 'አላውቅም' በላቸው። ይኸው ነው።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«እንደሌለ። ስሚ ሪኪ፣ አሁን እዚህ በረት ውስጥ ዝሆን አለ ወይ ብትዪኝ 'እኔ እንጃ፣ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል' እያልኩ ጭንቅላቴን ልከክልሽ? የለም እላለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

«በረቱማ አጥር አለው፤ ዞረህ አይተኸዋል። የዚያኛውን አጥር ማን አየው? የአንተ ክንድ እስከ ብብትህ ነው። ከዚያ ወዲያ አትደርስም።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ጠበብ ይላሉ፤ ያንን ጥበታቸውን ስታይ ሪካ ክርክሩ ሁሉ ይጠፋባታል። ግን ሳቁን ቶሎ ጨረሰው።

«'አላውቅም' የፈሪ መልስ ነው» አለ። «አንድ እግሩን ደጅ፣ አንድ እግሩን ቤት ያደረገ ሰው መልስ። ምናልባት ካለ እንዳይቀየመኝ ነው ነገሩ። እኔ 'አለ' የሚለውን አባትሽን አከብራቸዋለሁ። መሃል ላይ የሚንገዋለለውን ግን አልወድም።»

የሪካ ፊት ቲማቲም መሰለ። ለማንም ያልነገረችው ነገር ምላሷ ላይ መጣባት፤ መመለስም አቃታት።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«መሃል ላይ ያለሁት። አምና ነው የጀመረኝ። ማታ ማታ እንደ ልጅነቴ ተንበርክኬ እጸልያለሁ፤ አንድ ቀን ግን መልስ ሰምቼ እንደማላውቅ ገባኝ። አንኳኩቼ የከፈተልኝ የለም ማለት ቤቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሰው አለበት ብዬም መማል አልችልም። አሁን ምን እንደምል ታውቃለህ? 'ካለህ፣ ስማኝ' ነው የምለው። በቃ። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፣ ልጆቹን መዝሙር አስጠናለሁ፣ ማታ ግን ይህችን ብቻ ነው የምለው።»

ኩርቲስ እጁን ሳይታጠብ ተንደርድሮ አቀፋት። «ታዲያ የእኔ ነሽ! ግማሹን መንገድ መጥተሻል!»

«የትም አልመጣሁም። የአንተም አይደለሁም፣ የእነሱም አይደለሁም። አላውቅም ማለት አላውቅም ነው። እማዬ ብትሰማ ትሞታለች። አደራህን ኩርት!»

«እስከ መቃብር» አለ። «ነገም የምትዪውን እላለሁ። ለአንቺ ስል እዋሻለሁ።»

እዋሻለሁ ያለው ቃል ትንሽ ቆረቆራት። ለእሷ እውነት የሆነው ነገር ለእሱ ውሸት መሆኑ ነው የቆረቆራት። ግን ሰው የሚወደው ሰው እቅፍ ውስጥ ሆኖ ቃል አይመዝንም። ያነሣላት ተራራ እንጂ ያስቀመጠባት ጠጠር አልታያትም።

በማግስቱ ወይዘሮ ግሬታ ከጠዋት ጀምረው የቴምር ኬክ ሲጋግሩ፣ የሳሎኑን መስኮት ሲወለውሉ፣ ብቻቸውን ሲያዜሙ ዋሉ። ለጸደዩ ሠርግ የሚለብሱትን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ሸሽገውት ኖሮ አሁን አወጡት።

«እዩልኝ በእርጅናዬ ሳጌጥ!» አሉ ጨርቁን ደረታቸው ላይ ለክተው። «አባትሽ ገና ነው ይላል። እኔ ግን ልቤ ነግሮኛል። 'አላውቅም' ያለ ሰው ሊጥ ነው፣ ቀስ ብሎ ይቦካል። 'የለም' ያለ ግን ድንጋይ ነው። ያንቺው ሊጥ ነው አይደል?»

«ሊጥ ነው እማዬ።»

«እሰይ! አንቺም ስትጠየቂ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ሽማግሌው አቶ ሌስተር ጆሮው ደክሟል፤ ባለፈው ዓመት መልስሽን አልሰማሁም ብሎ ቅር ብሎታል።»

ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ በየቤቱ ይዞራሉ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለ ነፍሱ ይጠይቃሉ። ሪካ በየዓመቱ «አዳኜን አውቀዋለሁ፣ ተመስገን» ትላለች። ዘንድሮም ልትለው ነው። እናቷ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገውላት በመስታወት ሲያሳዩዋት፣ የሰው ደስታ የሰረቀች ሌባ የሆነች መሰላት።

ሽማግሌዎቹ የማታው ወተት ታልቦ እንዳበቃ መጡ። አቶ ኦርቪል ዴግሩት ቃላቸውን ሁሉ እንደ መኖ ጆንያ መዝነው የሚያወርዱ ሰው ናቸው። አቶ ሌስተር ደግሞ ለመጸለይ ካልሆነ በቀር አፋቸውን ከኬክ አያላቅቁም። ኩርቲስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ከሪካ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አንዴ ቀና ብሎ አያት። በርቺ የሚል ዓይን ነበር፤ እሷም በዓይኗ አመሰገነችው።

«እንግዲህ ዶክተር» አሉ አቶ ኦርቪል። «ላሞቻችን ወደውሃል። ችግሩ ላሞች በጉባኤ ድምፅ አይሰጡም። በሱቄ የተናገርከውን ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን በዚህ ቤት ልጠይቅህ። እግዚአብሔር አለ ትላለህ ወይስ የለም?»

ኩርቲስ «አላውቅም» አለ።

ወይዘሮ ግሬታ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። አቶ ሃርም ብቻ ፊታቸው አልተፈታም።

«'አላውቅም' ምን ማለት ነው?» አሉ። «ላሟ አርግዛለች ወይስ አላረገዘችም?»

«አንተ ደግሞ አታበላሽብን!» አሉ አቶ ኦርቪል እየሳቁ። «አየህ ሃርም፣ በሱቄ ያገሳው አንበሳ ዛሬ ድመት ሆኖ መጣልህ! አይዞህ ዶክተር፣ ሲሸነፍ የሚያምርበት ወንድ አለ፤ ያምርብሃል።»

የኩርቲስ ጆሮዎች ቀሉ። ሪካ አየቻቸው፤ ቶሎ ይለቅ፣ ቶሎ ይለቅ ትላለች በሆዷ።

«ሐሙስ ሐሙስ እኔ ዘንድ ትማራለህ» አሉ አቶ ኦርቪል። «ለዛሬ አንዲት ነገር ብቻ። ራስህን ዝቅ አድርግና ከእኔ ጋር በል፦ 'ካለህ፣ ስማኝ።' አለቀ። 'አለህ' በል አላልኩህም። የማያውቅ ሰው ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል? ካለ ይሰማሃል። ከሌለም የሃርምን ግድግዳ አናገርክ፣ እሱም አይከፋውም።»

ሪካ ደነገጠች። የራሷ ጸሎት ነበር፣ ቃል በቃል። ሽማግሌው ከየት እንዳመጡት አላወቀችም። ምናልባት እኚህም ሰው አንድ ዘመን ላይ ብለውት ይሆናል። አቶ ሌስተር ሳህናቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ፤ ሁሉም ደፋ። ሪካ ብቻ ቀና ብላ ኩርቲስን አየችው። በለው፣ አለችው በዓይኗ። ስለ እኔ ብለህ በለው።

ኩርቲስ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ።

«አልችልም» አለ በመጨረሻ። «እንደሌለ የማውቀውን 'ስማኝ' አልለውም።»

«አሁን አላውቅም አላልክም እንዴ?»

«የእኔ ቃል አይደለም!» ጮኸ ኩርቲስ። «የእሷ ነው። የማታውቀው እሷ ናት። ይህንን ጸሎትዎን ማታ ማታ የምትጸልየው እሷ ናት። እኔ አውቃለሁ፦ የለም!»

ተናግሮ ሲጨርስ ከፊቱ ላይ ጭንቀቱ ሁሉ ወረደ። ተሸክሞት የቆየውን ከባድ ነገር የጣለው እሷ ላይ መሆኑን ያየ አይመስልም ነበር።

«ሪካ» አሉ እናቷ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የአሮጊት ሆነ። «ውሸት ነው በይ። አንድ ቃል ናት የኔ ልጅ። አዳኜን አውቀዋለሁ በይና ይብቃ።»

ቀላል ነበር። አፏ ለምዶታል። ኩርቲስን ውሸታም አድርጋ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ አስጥላ፣ እናቷን ግን ማትረፍ ትችል ነበር። ወደ እሱ ዞረች። እጁን አጣምሮ ይጠብቃታል፣ ተማሪውን እንደሚፈትን መምህር። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ሰለቻት።

«አላውቅም እማዬ» አለች። «አለ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። የለም ብዬም አልዋሽም።»

ወይዘሮ ግሬታ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ።

«እሱ ሲለው እኮ ደስ ብሎሽ አለቀስሽ» አለች ሪካ። «ያው ቃል ነው! ያውም የእኔው እውነት ነው!»

«ያው አይደለም» አሉ አቶ ኦርቪል። መሳለቃቸው ጠፍቶ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። «መሰላሉ አንድ ነው፣ እርከኑም አንድ ነው። እሱ እዚያ ላይ ቢቆም እየወጣ ነው፤ እጄን እዘረጋለታለሁ። አንቺ እዚያ ላይ ቆመሽ ብትገኚ እየወረድሽ ነው። በጉባኤ ፊት ቆመሽ መስክረሻል። ከእንግዲህ ልጆቻችንን አታስተምሪም። ሰኞ አትምጪ።»

አቶ ሃርም ከወንበራቸው ተነሡ። ሪካ አባቷ ወደ እሷ የሚመጡ መስሏት እሷም ተነሣች። እሳቸው ግን በአጠገቧ አልፈው ኩርቲስ ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉለት።

«ልጄን አልሰጥህም» አሉት። «እንዳንተም አላስብም። ግን የቆምክበት የሚታወቅ ሰው ነህ። ከብቶቼን ካንተ ሌላ አይነካቸውም።»

ኩርቲስ የተዘረጋለትን እጅ ጨበጠ። ፊቱ በራ። የምትወደው ሰው ፊት፣ የምትወዳቸው አባቷ ሲያመሰግኑት ሲበራ አየች። እሷን የሚያይ አልነበረም። ሁለቱንም እንደዚያን ዕለት ጠልታቸው አታውቅም፤ እንደዚያን ዕለትም ፈልጋቸው አታውቅም።

ግቢው ውስጥ ኩርቲስ የመኪናውን በር ከፍቶ ጠበቃት። ደስታው ገና አልበረደም።

«ነጻ አወጣሁሽ!» አላት።

«ማን አውጣኝ አለህ? አደራ ብዬህ አልነበረም?»

«ለአንቺ ብዬ ነው። ዕድሜ ልክሽን እየዋሸሽ ልትኖሪ ነበር?»

«ለአንተ ብለህ ነው! አንዲት አጭር ጸሎት ከበደችህ፤ ሸክሙን አንሥተህ እኔ ላይ ጫንከው። 'አላውቅም' ብለህ ሲስቁብህ ተዋርደሃል፣ ከዚያ ውርደት ለመውጣት እኔን ረገጥክ።»

ቀረብ ብሎ ጉንጯን ያዛት። እጁ ሞቃት ነበር። «ይቅርታ» አላት በዝግታ፤ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። «እወድሻለሁ ሪኪ። ግቢና እንሂድ። ነገ ዳኛ ዘንድ እንጋባ። ከእነሱ ጋር የቀረሽ ነገር የለም።»

እውነቱን ነው፤ የቀራት ነገር አልነበረም። አኩርፋ ልትተወው ፈልጋ ነበር፣ ልቧ ግን እምቢ አላት። ይህን ሁሉ አድርጎባትም ትወደዋለች። አንድ እግሯን መኪናው ላይ አወጣች።

«ብቻ አንድ ነገር» አለ ኩርቲስ፣ ሊደግፋት ክንዷን ይዞ። «ያንን 'ካለህ፣ ስማኝ' ከእንግዲህ እቤቴ አልሰማም። አንድ ቀን ትፈሪያለሽ፣ የምትወልጂልኝን ልጅ ይዘሽ ወደ እነሱ ትመለሻለሽ። እዚሁ 'የለም' በዪና ይውጣልሽ።»

ሪካ እንደቆመች ቀረች። «ባልልስ?»

«እንግዲያ ከእነሱ በምን ትለያለሽ?»

«አንተስ?» አለችው። «እነሱም እኮ የማላውቀውን አውቃለሁ በዪ ነው ያሉኝ።»

«ሪኪ፣ አትጨቃጨቂ። በዪና እንሂድ።»

እግሯን አወረደች። ሲሄድ አላየችውም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር የመኪናው መብራት ብቻ ተዘርግቶ፣ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ይመለሳል ብላ ቆማ ጠበቀች። በብርዱ ብዙ ጠበቀች።

ጸደይ ሲገባ ሪካ ከአባቷ ቤት ወጥታ ሱ ፎልስ ከተማ ነበረች፤ የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቷ ከጎረቤት ጋር ለገበያ መጥተው፣ ጎረቤቷ ሳያዩ ሾልከው፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለ መኪና ማቆሚያ ላይ አገኟት። ለአባቷም ለሽማግሌዎቹም አልነገሩም። ከስተዋል። የአሳማ ሥጋ የገባበት ዳቦ በፌስታል ይዘውላት መጥተዋል።

«ብርድ ልብስ አለሽ?» አሏት።

«አለኝ።»

«አባትሽ ደህና ነው። ላሞቹም ወለዱ። ዶክተሩ…» አፋቸውን ያዙ።

«ንገሪኝ እማዬ።»

«ረቡዕ ረቡዕ ሲመጣ እኛ ጋ ይበላል። አባትሽ ካልበላህ አትሄድም ይለዋል። ሲከራከሩ ያመሻሉ፣ ይሳሳቃሉ።»

«ስትጸልዩስ?»

«ዓይኑን ከፍቶ እስክንጨርስ ይጠብቃል። አባትሽ 'ቢያንስ አያስመስልም' ይላል።»

«የት ነው የሚቀመጠው?»

ወይዘሮ ግሬታ የፌስታሉን አፍ ቋጠሩት። «ያንቺ ቦታ ላይ ነዋ» አሉ። «ሌላ የት አለ?»

መኪኖች በአጠገባቸው አለፉ። ሪካ ይህን ጥያቄ አልጠይቅም ብላ ከራሷ ጋር ስትምል ነበር የከረመችው። መሐላዋ ግን እንደ እናቷ አልሆነላትም።

«ስለ እኔ ጠይቆ ያውቃል?»

«አንዴ» አሉ እናቷ። «እራት ላይ ነው። 'ሪካ ደህና ናት?' አለ። አባትሽ 'በዚህ ቤት ስሟ አይነሣም' አለው።»

«እሱስ ምን አለ?»

ወይዘሮ ግሬታ ልጃቸውን ማየት አቃታቸው።

«እሺ አለ» አሉ። «ከዚያ ድንች አቀብዪኝ አለኝ።»